የምራቴ ክንድ

አምቦ፣ ጥር ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ይድረስ በሰሜን ግንባር ለምትገኘው ልጄ፤

ነፋሱና አሸዋው እንዴት ይዞሃል? ሳሉስ ለቀቀህን? እኔ የሁሉቃ ወንዝ ብርድ ጉልበቴን ቢፈትነውም፣ ስሙ ይመስገን፣ አለሁ።

«ወንድ የምትደበድብ ሴት ሚስቴ ልትባል አይገባትም፤ ፍቺውን እርስዎ ያስጨርሱልኝ» ስትል የጻፍኸው ደረሰኝ። ወሬውን ማን እንዳደረሰልህ አልጠይቅም። ያጎደለውን ግን እኔ ልሙላ።

የአጥር ጎረቤታችን ዲንሳ በኅዳር አጥሩን ገፍቶ ጓሯችን ገባ። ወጥቼ ገሠጽሁት። «ሽማግሌው፣ እርስዎ ዳዊትዎን ይድገሙ፤ አጥር የጎረምሳ ነው» አለኝ። ከዘራዬን ቃጣሁበት። ነጥቆ ጣለኝ፤ ደረቴ ላይ ተቀምጦም ጉሮሮዬን አነቀ። ዓይኔ ሲጨልም፣ ሚስትህ ድንቅቱ ትወቅጥበት የነበረውን ዘነዘና እንደያዘች ደርሳ ክንዱን ሰበረችው። የተረፍሁት እንዲህ ነው።

ዲንሳ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሳት። «ወንዳወንድ ናት! ከአባባ ጋር በሰላም ስንነጋገር መጥታ መታችኝ» አለ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፊደል ያስቆጠርኋቸው ሁሉ ከፊት ተቀምጠዋል። ጎረምሳ ጥሎኝ ሴት አነሳችኝ ልበል? ዳዊት በሚደግም አፌ ምዬ «ስንነጋገር ነበር፤ የወደቀም የለም» አልሁ። እርሷን ቢጠይቋት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «እሳቸው ያሉት ነው» አለች። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ቃሉንም አታጥፍም፤ ወጋችን ነው። እኔም በወጉ ተሸሸግሁ። ሦስት ወር እስራት ፈረዱባት።

 በሳምንቱ ተመልሼ የማልሁትን አፈረስሁ። መውደቄን ብቻ ሳይሆን፣ ዲንሳን «ማረኝ» ማለቴን ጭምር ተናገርሁ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ቀሚሱን ለማን እንስጠው?» ቢል ሸንጎው አውካካ። ከእስር ያመጧት ድንቅቱ አልሳቀችም። እርሷን በዚያው ቀን ፈቷት፤ የሐሰት መሐላውንም ቅጣት ለሚገባው ሰጡ።

«የወንድ ክንድ ለጠላት፣ የሴት ክንድ ለማጀት» ብዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ከመዝመትህ በፊት፣ በዚያ ክረምት፣ ከጓዳ የሚሰማውን ዱላ እየሰማሁ ዳዊቴን ጮክ ብዬ እደግም ነበር። እርሷ ዝም ማለቷን ከአቅም ማነስ ቆጥሬው ነበር። የዲንሳን ክንድ ካየሁ ወዲህ ግን አቅሙ እንደነበራት አወቅሁ። አንተም እወቅ። ፍቺ መጠየቅ የሚገባው ሰው ካለ እርሷ ናት፤ ብትጠይቅም ምስክሯ እኔ ነኝ።

የአባቶችህ አምላክ ከጥይት ይሰውርህ፤ እጅህን ለበረከት፣ ልብህን ለምሕረት ያድርገው።

ምሳዬን የምታመጣልኝ ድንቅቱ ናት። የእስር ቤቱ ዘብ ሰሀኑን ገልጦ ከፈተሸ በኋላ፣ ፊቷን መልሳ ከበሩ ደፍ ላይ ታኖርልኛለች። ስለዚህ ነገር ፊት ለፊት አልተነጋገርንም፤ እንደ ወጋችንም አንነጋገርም። ይህንን ወረቀት ወደ ፖስታ ቤት የምትወስደው እርሷው ናት። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ አጥርታ ታነባለችና፣ ፖስታውን ሳላሽግ እሰጣታለሁ።

አባትህ