ለፈይሰል እልል አልኩለት

ኾበር፣ አል ዐዚዚያ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ
ዓርብ፣ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዛሬ የማዳም ልጅ ፈይሰል አየር መንገድ ተቀጠረ። ያውም ትልቁን ጀት ሊያበርር። ከምሳ በኋላ ተደውሎ ሲነገረው ማዳም ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና፣ «ያላ፣ እንደ አገርሽ ሰው እልል በይለት!» አለችኝ። ጎረቤት እስኪሰማ እልል አልኩ። ልቤ ግን ወንድሜ ጋ ነበር።

ወንድሜ ሰዒድ አገር ቤት የጥጥ ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ያበርራል። አየር መንገድ ባመለከተ ቁጥር «ጀት አብርረህ አታውቅም» ብለው ይመልሱታል። ሳይቀጥሩት ጀት ከየት ያምጣ?

ለፈይሰል ሻይ ሳቀርብለት፣ «ጀት አብርረህ ታውቃለህ እንዴ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ አንድም ቀን! እነሱው ያስተምሩኛል» ብሎ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ክፉ ልጅ ቢሆን ምናለ! የበላበትን ሳህን እንኳ ራሱ ነው የሚያነሳው። ልጠላው አልቻልኩም። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ የነገ ሸሚዙን ስተኩስ ኮሌታውን ባቃጥልበት ብዬ ተመኘሁ። አስተግፊሩላህ።

ሰዒድ ሲደውል ነገርኩት።  

«እታለም፣ እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ። ደግሞ ፈተናው ላይ ምን እንደጠየቁት ጠይቂልኝ» አለኝ።

ፈይሰል አሁን ሳሎን ከእንግዶቹ ጋር ነው። ቴምር ይዤ ሁለት ጊዜ ገብቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የሰዒድን መልእክት ሳልነግረው ቴምሩን አስቀምጬ ወጣሁ።