ተሳቢው በቤቴ ጥግ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፴፯ ዓ.ም.፣ መቐለ

ተመስገን፣ ቤቴ አይፈርስም። ተሳቢ የሚጎትቱት ረጃጅም የጭነት መኪኖች እስከ ጨው ገበያው ይግቡ፣ አይግቡ እየተባለ ከተማው ሁለት ሳምንት ሲከራከር ሰነበተ። ይግቡ ከተባለ መታጠፊያው ላይ ያለው የእኔ ቤት መነሣቱ ነው። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነኝና ለራሴ ቤት መከራከር አሳፈረኝ፤ አፌን ዘግቼ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ከረምኩ።

ዛሬ ሽማግሌው አቦይ ሐጎስ፣ "የድንበር ክርክርም ቢሆን በቦታው ነው የሚዳኝ፤ ተነሡ፣ ሄደን እንየው" አሉ። መኪናውን ከነተሳቢው በመጫኛ ገመድ ለካነው። ገመዱን ወጥረን በመታጠፊያው ልናልፍ ተነሣን፤ ፊተኛውን ጫፍ የመኪናው ባለቤት ሼህ ይመር ያዙ፣ ኋለኛውን እኔ። ገመዱ ግድግዳዬን እየፋቀ ሄዶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ከውስጥ ታየናለች።

ሼህ ይመር ገመዱን ለቀቁት። "በሰው ቤት ላይ ያለፈ ጭነት በረካ የለውም። ተሳቢው ከከተማ ውጭ ይቁም፤ ጨው የሚያመጡት ግመሎችም እዚያው ያራግፉልኝ" አሉ። ሁሉም ተስማማ።

ስንት ቀን እህል አልወርድ ብሎኝ ሰንብቶ፣ ዛሬ ምሳዬን ጠግቤ በላሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ስንለያይ አቦይ ሐጎስ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "ወደይ፣ ልጄ፣ ገመዱን ወደ ቤትህ ጠጋ አድርገህ ነው የያዝከው፤ ራቅ ብታደርገው ምናልባት ቤቱን ሳይነካ ያልፍ ነበር" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም።