እማዬ የምትለው

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ሰውነትህ እንዴት ነው? እኛ ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረን።

የልብስ ስፌቱ ሥራ አልቀዘቀዘም፤ የጓዳውን ጣሪያም አስጠግኛለሁ። እማዬ ምግብ ቀነሰች እንጂ ደህና ናት። ከወደቀች ወዲህ ግን የእኛን ቋንቋ ትታ የልጅነቷን ብቻ ነው የምታወራው። ያገሯ ልጅ የነበሩት ጎረቤታችን ስላረፉ፣ እዚህ ሰፈር ቋንቋውን የሚሰማ አልቀረም።

ሐኪሙ በስልኩ ሊያስተረጉም ሞከረ። ስልኩ አንዴ የማይሆን ነገር ቀባጠረ፣ አንዴ ዝም አለ። «ይሄን ቋንቋ ማንም አላስተማረውም» አለኝ ሐኪሙ፣ አፈር ብሎ። እማዬ ግን ሰው ያናገራት መስሏት ስልኩን እጅ ነሳችው። ሳቅን።

የላክሁልህን ድምፅዋን ሰምተህ «ከቁጥር በቀር ሁሉም ጠፍቶብኛል» ስትለኝ አልተቀየምኩህም። እኔ ቁጥሩንም አላውቅ።

ዛሬ ጠዋት እጄን ጨምድዳ ይዛ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ። ቢጨንቀኝ «እሺ እማዬ፣ አደርገዋለሁ» አልኳት። ፊቷ ፈካ አለ፤ እጄን ለቅቃ ተኛች። ምን ቃል እንደገባሁላት አላውቅም።

የዓመት ፈቃድህን ባትጠብቅ ጥሩ ነበር። ትኬት ካገኘህ ዝም ብለህ ና።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ