ጉንጭሽ ላይ የነበረው ጢም

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለቺዙሩ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ዓይንሽስ? ወገብሽስ? ከጠረጴዛሽ ተነስተሽ ፀሐይ ታያለሽ ወይስ ጓዳ ውስጥ እንደ በቀለ ድንች ነጥተሻል? እኔና አያትሽ ፉሚዬ፣ ከጉልበታችን በቀር፣ ደህና ነን። የጓሮው መንደሪን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሥዕል የምትተርኪውን የፒንግፖንግ ተጫዋቿን የሚኖሪን ታሪክ አንባቢ እየሸሸው ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል ካላንሰራራ መጽሔቱ ያቋርጠዋል ብለሻል። አዘጋጅሽ «ልጅቷ ራሷን ረስታ ጨዋታው ውስጥ ስትሰጥም አሳዪኝ» ቢልሽ ዐሥራ አንድ ገጽ ስለሽ ቀደሽዋል። «አያቴ፣ ገብቼበት የማላውቀውን ቤት እንዴት ልሳል?» ያልሽው አንጀቴን በላው።

እኔ ልግባልሽ አልኩ። ትተሽልን የሄድሽውን የስፖርት ማንጋ፣ ያንን ሁሉ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ፣ አገላበጥኩ። ቦክሰኛውም ዋናተኛውም ያው ነው፤ ዓይኑ እንደ መብራት ይበራል፣ ተመልካቹ ይጠፋል፣ ዙሪያው ይጠቁራል፣ የላብ ጠብታ አየር ላይ ትንጠለጠላለች፣ ለአንድ እስትንፋስ ስምንት ገጽ ያልቃል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ማክሰኞ ጌትቦል፣ ያንን ኳስ በእንጨት መዶሻ እየመታን በትንንሽ በር የምናሳልፍበትን የእኛን የሽማግሌዎች ጨዋታ፣ ስንጫወት ሞከርኩት። ዳኛው ቁጥሬን ሲጠራ መዶሻዬን ጨብጬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ኳሷ እስክታበራ ጠበቅኩ። ኢዋኪቺ፣ ያ ዓሣ ሻጭ ጎረቤታችን፣ «ምነው ቶኩማትሱ፣ ሆድህን ቆረጠህ እንዴ? ሽንት ቤቱ በዚያ ነው!» አለኝ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ለመምታት የተፈቀደልኝ ዐሥር ሰከንድ አለቀና ዳኛው ተራዬን ነጠቀኝ። በማንጋ አገር ዳኛ ሰዓት አያስርም መሰለኝ።

ሐሙስ ከታችኛው መንደር ጋር ስንጋጠም ግን ነገሩን ረስቼው ነበር። የመጨረሻው ምት የእኔ ሆነ። የማስታውሰው ቀይዋ ኳስ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ነው። ብርሃን የለ፣ ጨለማ የለ። ከዚያ መዶሻዬን እንደያዝኩ «ቀጣዩ ተራዬ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ኢዋኪቺ «አንተ ሽማግሌ፣ አለቀ እኮ! አሸነፍን!» ብሎ ጀርባዬን ደበደበኝ። አያትሽ ደግሞ «ስትመታ ታንጎራጉር ነበር፤ ያውም በዚያ ድምፅህ!» አለችኝ። እኔ አልሰማሁም። ገባሽ? ዓይኔ በርቶ ከነበረም ያዩት ሌሎቹ ናቸው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ወለሉ ላይ ተደፍተሽ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ፈረስ ስትስዪ፣ አያትሽ ለራት ሦስት ጊዜ ጠራችሽ። ሦስቴም «እሺ» ብለሽ ንቅንቅ አላልሽም። ኑድሉ ሾርባውን ጠጥቶ አበጠ። እኔ ብሩሼን ቀለም ነክሬ ጉንጭሽ ላይ የድመት ጢም ሳልኩብሽ፤ በግራም በቀኝም፣ ቀስ ብዬ። አልተሰማሽም። መስታወት ፊት ስትደርሺ ግን ቤቱን በለቅሶ አናጋሽው፤ እኔም «ኢዋኪቺ ነው» አልኩሽ። ዋሽቼ ነው።

ስለዚህ ገብቼበት አላውቅም አትበዪኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ አይቼሻለሁ። ለሚኖሪም የሚበራውን ዓይንና የሚጠቁረውን ዙሪያ አትሳዪላት። ጉንጯ ላይ የሩዝ ፍሬ ይለጠፍባት፤ አዳራሹ ሁሉ ይየው፣ እሷ ብቻ አትወቀው። አዘጋጅሽ እምቢ ካለም እምቢ ይበል፤ ቢያንስ አንቺው የምታውቂውን ገጽ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

አያትሽ ጉንጭሽን ስማለች፤ መንደሪን በካርቶን ልካልሻለች፣ ከሥሩ ሹራብ አለ። አጎትሽ ሴይጂ «ትብላ፣ ትተኛ» ብሏል። ኢዋኪቺም ሰላም ብሎሻል። ለአዲስ ዓመት በመጣሽ ቁጥር ለምን ፊትሽን እንደምታዞሪበት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይጠይቀኛል። እውነቱን አትንገሪብኝ፤ ግን እባክሽ አንድ ካርድ ጻፊለት፤ ሚኖሪንም ሳዪበት፣ ከነሩዟ።

አያትሽ ቶኩማትሱ
ኩሮሴ መንደር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019