የጌምህ ድንጋይ

ድምፅህን በየቅዳሜው ለምሰማው፣ ፊትህን ካየሁ ግን ስድስት ዓመት ላለፈኝ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህልኝ? እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት አድርጓችኋል? ባለፈው ቅዳሜ በፕሮግራማችሁ ላይ ድምፅህ ጎርነን ብሎብኛል፤ መሃል ላይም ሁለት ጊዜ ሳልክ። ያ አብሮህ የሚያቀርበው ሳቂታው ጓደኛህ ሳልህን በሳቁ ሊሸፍንልህ ሞከረ እንጂ እኔን አያታልለኝም። ትኩስ ነገር ጠጣ፣ አንገትህን ሸፍን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። አባባ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ዓይኑም እጁም አልደከመም። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ውፍረቴም አልቀነሰ፣ ወሬዬም አልቀነሰ።

ስለ ጌም ፕሮግራማችሁ ሳላወራ ወደ ጉዳዬ ብገባ ያንቀኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከፍተን፣ ስልኬን ከግድግዳ ሰዓቶቹ ሥር አቁሜ ድምፁን እስከ ጥግ እለቀዋለሁ። አባባ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ሁለታችንም ወረንጦ ይዘን እናዳምጣለን። የምትሉት ግማሹ አይገባኝም፤ ያልገባኝም ቢሆን ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን "ስቱዲዮ ተዘጋ፣ ሁለት መቶ ሰው ተበተነ" ስትሉ ፎቶ ቤት መስሎኝ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ቤት ነው ሁለት መቶ ሰው የሚቀጥር እያልኩ ከባለቤቴ ጋር ስገረም ከርሜያለሁ። ጌም የሚሠራበት ቤት እንደሆነ ያስረዳችኝ ልጄ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ሳቄን ትቼ ለሰዎቹ አዘንኩ። ያ በየዓመቱ ሊወጣ ነው እየተባለ የሚራዘመው ጌምስ ምን ደረሰ? አባባ "የአናጺ ቀጠሮ" የሚል ስም አውጥቶለታል።

ከሁሉ የምወደው ግን መጨረሻ ላይ የድሮውን ስታወራ ነው። ድሮ ተጫዋቹ የደረሰበት እንዳይጠፋበት ረጅም የምሥጢር ቃል በወረቀት ይጽፍ ነበር ያልከውን ለስንት ደንበኛ እንደነገርኩ አልነግርህም። "የሚያወራው ወንድሜ ነው" እላለሁ፣ ሳይጠይቁኝ። አንዷ ሴትዮ ስለ ምን እንደምታወራ ጠየቀችኝና ስለ ጨዋታ ነው ብላት "በዚህ ዕድሜው?" አለችኝ። ታዲያ ስለ ለቅሶ ያውራልሽ ብያት አብረን ሳቅን።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን ሳቄ ተቋረጠ። የዚያን ቀን፣ የድሮ ጌሞች የደረስክበትን የሚያስታውሱት ካሴታቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክብ ባትሪ እንደነበር፣ እሷ ከወጣች ሁሉም እንደሚጠፋ አስረዳህ። ቀጥለህ የራስህን አመጣህ። አጎታችን ያመጣልህን ግራጫ የእጅ ጌም፤ የትምህርት ቤቱን ዕረፍት ሙሉ ደክመህበት የመጨረሻው በር ላይ መድረስህን፤ ሰዓት ሠሪው አባትህ ባትሪዋን አውጥቶ ለደንበኛ ሰዓት መስጠቱን። "አባቴ የእኔን ልፋት አውጥቶ የሰው እጅ ላይ አሰረው" አልክ። ሳቂታው በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሳቅህ፤ ግን አሳድጌሃለሁ፣ የትኛው ሳቅህ የውነት እንደሆነ አላጣውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባትህ ወንበር አጠገብ ተቀምጠህ እንደማታውቅም ጨመርክበት።

ስልኩን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ አባባ ያዘኝ። ተይው፣ ይጨርስ አለ። አንተም ጨረስክ፤ እሱም አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መልሶ ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ ልጄ አድማጮቻችሁ የጻፉትን አነበበችልኝ። ጨካኝ አባት ያለው አለ፤ ሰዓት ሠሪ ሳይሆን ሰዓት ሌባ ነው ያለም አለ። ሰው ምን ያድርግ፣ የሰማውን ነው የፈረደው።

ወንድሜ፣ ከካሴትህ ድንጋዩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከጻፍኩት አይቀር እንዳለ ልንገርህ። እማዬ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም ነበር። አባባ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ ሌላ ከተማ ሄዶ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። አንድ ወጣት ቁጥር የምታሳይ ሰዓቱ ቆማበት መጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ፈተና አለብኝ አለ። ያ ወጣት የዛሬው ባለቤቴ ነው፣ አንተ "መምህሩ" የምትለው። ከዚያ በፊት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ምን ልበልህ፣ ድንጋይ አልቋል ሌላ ሱቅ ሞክር ለማለት ምላሴ ተሳሰረ። የእኔ ምላስ ሲተሳሰር እስቲ ገምተው። መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ፤ በዚያች ሰዓት ልክ አንድም የለም።

አንተ ኳስ ሜዳ ነበርክ። ጌምህ አልጋህ ላይ ተኝቷል። ካሴቱ አንድ ጊዜ አልነሣ ብሎህ አባባ ሲጠርግልህ ውስጡ ያለችውን ድንጋይ አይቻት ነበር፤ ልክ በዚያ መጠን ናት። ቀጭኑን ካቻቢቴ አምጥቼ ከፈትኩት፣ ድንጋይዋን ከተበየደችበት አላቅቄ አወጣኋት። አስበው እንግዲህ፣ በእናንተ ፕሮግራም "ባትሪ" ትሉታላችሁ፤ በእኛ ቤት ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ነው። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ሰዓቱ ይሞላል፣ ይሄዳል። ድንጋይ ነገር ያስታውሳል ብሎ ማን ያስባል? የሰዓት ቤት ልጅ ባልሆን ኖሮ ፈርቼው አልነካውም ነበር። ታውቃለች መባል ነው የጎዳኝ።

አባባ በማግስቱ ማለዳ ሲመለስ ካመጣቸው አዳዲሶች አንዷን አንሥቼ፣ የብየዳውን ስታኞ አቅልጬ፣ ከበፊቱ አሳምሬ መለስኩልህ። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ ያረጀውን በአዲስ ቀየርኩለት ብዬ። ከሰዓት በኋላ አንተ ስትከፍተው ጌሙ ትናንት የተገዛ ይመስል ከመጀመሪያው ጀምር አለህ። አልጮህክም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ካሴቱን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ እንደ ሞተ ወፍ፣ ወደ አባባ ሄድክ። እሱም ከፈተው፣ በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። "እኔ ነኝ፤ ለደንበኛ ቸግሮኝ ነው" አለህ።

እውነቱን ደበቅሁ። የመጀመሪያው ቀን ለማን ሰዓት ነው መባሉን ፈርቼ ነው። ከዚያ ሐፍረት ሆነ። ከዚያ ደግሞ ነገ እነግረዋለሁ፣ ሲያድግ እነግረዋለሁ፣ ለመንገድ ሲነሣ እሸኘውና እነግረዋለሁ እያልኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አንተ ከአባባ ጋር በስልክ ስታወራ ከሰላምታ እንደማያልፍ አያለሁ። "ደህና ነህ? ደህና ነኝ" ተባብላችሁ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል፤ እኔም ተቀብዬ ግማሽ ሰዓት ስቀድድ እውላለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት የማን እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። አባባ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለአንተ ነበር ያሰበው፤ የልጁ ዓይን የሰዓት ሠሪ ዓይን ነው ይል ነበር። አንተ ካኮረፍክ በኋላ ወንበሩ ሁለት ዓመት ባዶውን ከርሞ እኔ ተቀመጥኩበት። ቸግሮኝ ነው ብልህ እዋሻለሁ፤ ወድጄው ነው። ዛሬም የቆመ ሰዓት እጄ ላይ ትር ሲል እንደ ልጅ እደሰታለሁ። ሰው እጅሽ ይባረክ ባለኝ ቁጥር ግን አንዲት ነገር ትቆነጥጠኛለች።

ይህን ሁሉ ይዤ ሳልናገር እኖር ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ባትደውል። ሁለት መቶኛው ፕሮግራማችሁ ቅዳሜ እንደሆነ፣ አባባን በስልክ አቅርበህ ስለ ባትሪዋ ችሎት እንደምታስችልበት፣ ፈራጆቹ አድማጮች እንደሆኑ ነገርከኝ። "እትዬ፣ ተከሳሹን አደራ፣ እንዳይጠፋብኝ" አልክ። እኔ ሞኝ ደግሞ እየሳቅሁ እሺ አልኩህ። ለአባባ ስነግረው እንደ ሙሽራ ደስ አለው። ሰማያዊ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፤ በስልክ የሚታይ መሰለው መሰለኝ። አይታይም አልኩት። ቢሆንም አለኝ።

ትናንት ጠረጴዛውን ስወለውል ከደንበኛ ካርድ ጀርባ ላይ የጻፈውን አገኘሁ። ያቺን ደቃቃ ጽሑፉን ታውቃታለህ። "ልጄ፣ ድንጋዩ ትንሽ ነበር። ያንተ ልፋት ትልቅ መሆኑን አላወቅሁም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።" ሁለት ቦታ ሰርዞ ደግሞ አስተካክሎታል። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሲያጠና።

ካርዱን ፊቱ አስቀምጬ ለምን አልኩት። መጀመሪያ ምን እንደምትዪ አልገባኝም ብሎ ሊያልፈኝ ነበር። አልለቅህም ስለው ጊዜ ገና ያን ቀን እንዳወቀ ነገረኝ፤ ስበይድ ሁልጊዜ ቀጭን ጅራት እተዋለሁ አሉ፣ እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፣ በብየዳዬ ለይቶኛል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ ለምን ተሸከምክልኝ አልኩት። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦

"ከእኔ ቢኳረፍ አንቺ አለሽው። ከአንቺ ቢኳረፍ ማን ያበላዋል፣ ማን ያጥብለታል ብዬ ነው።"

አሁንስ አልኩት፣ አሁን የራሱ ቤት አለው፣ የራሱ ልጆች አሉት። "አሁንማ ለምጄዋለሁ" አለ።

ለባለቤቴም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ያን ፈተና ያለፍኩት በወንድምሽ ድንጋይ ነው በያ አለኝ። እሱም ሊጽፍልህ ወረቀት ሲፈልግ፣ ተራህን ጠብቅ፣ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ ብዬዋለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ታውቀኛለህ፣ በዚህ ጀምሬ በጎረቤት ወሬ እጨርሰው ነበር። የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርስሃል። የአባባን ካርድ ከኪሱ አውጥቼ አብሬ ከትቼዋለሁ። አንተ አንብበው፤ እሱ ግን በማንም ፊት ሊያነበው አይገባም።

የምለምንህ ይኸው ነው። ቅዳሜ መደወሉን አትተው፤ ብትተው ሸሚዙን ተኩሶ ቁጭ ያለው ሰውዬ ያዝናል። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። ለሁለት መቶ ሺህም ሰው ቢሆን እንደጻፍኩልህ አድርጌ እናገራለሁ፤ አሳጥሬ፣ አይዞህ። በአድማጭ ፊት አትቅረቢ ካልክም ያንተ ፈንታ ነው፤ ብቻ አባቴ አልነበረም በልልኝ፣ ያን ጨካኝ ያለውም ሰው ይስማው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለአባባ ለብቻህ መልሰህ ደውልለት። ስለ ጉልበቱ ጠይቀው፣ ስለ ጌሞችህ ንገረው፤ ከእኔ ይበልጥ ይገባዋል፣ ዝም ብሎ ነው እንጂ።

እኔን ብትቆጣኝ እችለዋለሁ። ድሮ ነው፣ ልጅነት ነው፣ ያለፈ ነው ብዬ አላሳንሰውም። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር፤ ያለህም ልፋት እሱ ብቻ ነበር። አጥፍቼብሃለሁ፣ ወንድሜ። በአንተም በእሱም ላይ አጥፍቻለሁ።

ባለቤትህን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቁን ልጅ ከፍ ከፍ በል በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ግጥም አድርገህ ሳምልኝ፤ አክስትሽ ናት የላከችው በላት። ሳቂታውንም ሰላም በልልኝ፤ ቅዳሜ ትንሽ ቀስ ብሎ ይሳቅልን። ባለቤቴ እጅ ነሥቷል። ልጄ ከሁለት መቶኛው በኋላ መቼ ትጠሩኛላችሁ ትላለች፤ ከእናንተ የተሻለ አውቃለሁ ባይ ናት። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ የምጽፍልህ ስለ ጤናችን ብቻ መስሎታል። ቅዳሜ የሚደወለው በስንት ሰዓት እንደሆነ ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል።

እህትህ
ከሰዓት ማደሻ ቤታችን
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን