ጨፌው ለም የተባለ ጊዜ

ጥር 17 ቀን 1952፣ ማክሰኞ

ዛሬም ጋቢ ታጠበ። አባባ ከጥምቀት ወዲህ ከኢተያ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ይጠብቃሉ፤ እህቴን ፋናዬን ለልጃቸው ሊጠይቁ። እሷ ውሻ በጮኸ ቁጥር ጓዳ ትገባለች። ውሻውን የማስጮኸው እኔ ነኝ።

ከቀትር በፊት መጡ። ሦስት ሰዎች በበቅሎ፣ ጭቃ ሹሙ ከፊት። እንግዳ እህል ሳይቀምስ ለምን መጣህ አይባልም፤ ሽማግሌ ደግሞ የመጣበትን ቶሎ አያወጣም። ስለዚህ አባባ አልጠየቁ፣ እነሱም አልተናገሩ። በሉ፣ ጠጡ። ከዚያ አባባ መሬቱን ሊያሳዩ ይዘዋቸው ወጡ። የእኔ አፈር ፍግ አያውቅም አሉ። ታች ያለው ረግረጉ ጨፌ እንኳ ቢዘሩበት ያበቅላል አሉ... ጨፌው? ከእንቁራሪት ሌላ ምን አብቅሎ ያውቃል?

አንዱ እንግዳ ሁሉን በእርሳስ ይጽፋል። እማዬ አየችና ፊቷ ተለወጠ። አባባ ግን የዘመኑ ሽማግሌ እንዲህ ነው ብለው ሹክ አሏት።

ስለ ፋናዬ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ምን ዓይነት ሽማግሌዎች ናቸው?

ጥር 20፣ ዓርብ

የማክሰኞዎቹ እንግዶች ለግብር የመጡ የመሬት ገማቾች ነበሩ። ጭቃ ሹሙ፣ ልነግራቸው ብዬ ደጋግሜ አፌን ከፍቼ ነበር አለ። አባባ መቼ ፋታ ሰጥተውት።

ጥር 28፣ ቅዳሜ

እውነተኞቹ መጡ። የልጁ አባት አቶ ዘርትሁን ራሳቸው አብረው። አባባ ጉራቸውን እንደገና አወረዱት። አቶ ዘርትሁንም አላነሱም፤ የኢተያው ማሳዬ ጠጠር አያውቅም አሉ። ሁለት ሽማግሌ በወሬ ሲያርስ ዋለ።

ሴት ልጅ ቶሎ አትሰጥም፣ ክብር ነው። ለመልሱ ሩቅ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ የሰኔ ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ አምስት።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

ወረቀት መጣ። መሬታችን በሙሉ «ለም» ተብሏል፣ ጨፌው ጭምር። ለም ማለት ትልቁ ግብር ነው። አባባ ደግመው አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ለእማዬ ሲነግሯት ሰማሁ። ላይኛውን ማሳ ሳይሸጡ አይከፈልም። የምንበላው ከላይኛው ማሳ ነው። እሱ ከሄደ ምን ቀረን? እንቁራሪት?

ዛሬ መቀለድ አቃተኝ።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

አቤት እንበል ያለችው እማዬ አሸነፈች። አሰላ፣ ነገረ ፈጁ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድን። እኔ ወረቀቱን ላነብ። አጭር ሰው፣ ዣንጥላቸው ከሳቸው ሊረዝም ምንም አልቀረው። ቅርንፉድ እያኘኩ ሰሙን። ከዚያ ለገማቾቹ መሬቱ ለም ነው ያላቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አባባ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። አባባ የቆነጠጡኝ ክንዴ እስካሁን ያመኛል።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ አልሳቁም። አቤቱታ ይጻፋል አሉ፤ ወሰንተኛችን ቱሳ ይመስክር፤ አቤቱታውን የሚያጣሩ መርማሪዎች በክረምት መጥተው እንዲያዩ እንጠይቃለን፣ በበጋማ ጨፌ ሁሉ ሜዳ ነው።

«አንድ ነገር ግን ይማሉልኝ። መርማሪዎቹ በመጡ ቀን አንዲት ቃል እንዳይናገሩ። ያጠፋዎት መሬቱ አይደለም፣ አቶ ተክለወልድ። አፍዎ ነው።»

አባባ ማሉ። እኛ ቤት አውራ ዶሮ እንኳ ከሳቸው ተራ አያገኝም። እንዴት ሊሆን ነው?

በመንገድ ላይ «ወለላ፣ ይሄን ምላስ ከማን ወረስሽው?» አሉኝ። መልሱን እያወቁ።

ሰኔ 25፣ ቅዳሜ

መርማሪዎቹ የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። ሐምሌ አምስት። ጾም በሚፈታበት፣ ሥጋ በሚበላበት ቀን መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው... እንበል።

ግን ሐምሌ አምስት እኮ የኢተያ ሰዎች ለመልስ ይመጣሉ! አባባ ቀኑ ይለወጥልኝ ብለው ነገረ ፈጁ ዘንድ ሮጡ። ይህ ካለፈ ሌላ ቀን የለም ተባሉ። የኢተያዎቹንስ? ቀጠሮ ማፍረስ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው።

ፋናዬ ምግብ ትታለች። እኔም ውሻውን ማስጮህ ትቻለሁ።

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

አንዱም ሳይረሳኝ ልጻፍ።

ሲዘንብ አድሮ ነጋ። መርማሪዎቹ ቀደሙ። ጨፌው ዳር ቆምን። ቱሳ በሬው እዚያ ገብቶ እንደቀረ መሰከረ፤ አማርኛው ሲያልቅበት በኦሮምኛ ቀጠለ፣ ጭቃ ሹሙ ተረጎመለት። ዋናው መርማሪ ግን ወረቀቱን አገላብጦ፣ ያበቅላል ያሉት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው፣ ተጽፏል አለ። ነገረ ፈጁ መለሱ፤ ያ ለእንግዳ የተወራ ወሬ ነው፣ ይህ መሬት ጠፍ ነው፣ ዘር ይበላል እንጂ አይመልስም...

ከኋላችን የበቅሎ ኮቴ። አቶ ዘርትሁን ከነሽማግሌዎቻቸው። ሰምተዋል።

«አቶ ተክለወልድ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ የነገሩን መሬት ይሄ ነው?»

ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። መርማሪው እርሳሱን አነሳ። ለም ነው ካሉ ማሳው ሄደ። ጠፍ ነው ካሉ ውሸታም አማች ሆኑ። አፋቸውን ከፈቱ... ነገረ ፈጁን አዩ... ዘጉት። የግንባራቸው ሥር ሲመታ ይታየኛል።

ከዚያ ዞሩና፣ በዚያ በነጭ ጋቢ፣ በአዲሱ ጫማ፣ ወደ ጨፌው ገቡ። እስከ ቁርጭምጭሚት። እስከ ጉልበት። እስከ ጭን። ከዚያ መሄድም መመለስም አቃታቸው። ቆመው ያዩናል። ዝም።

መሐላቸውን አላፈረሱም!

ቀድመው የደረሱት አቶ ዘርትሁን ናቸው። ዱላቸውን ዘርግተው ከቱሳ ጋር ጎተቷቸው። አንድ ጫማ እዚያው ቀረ።

«የኢተያው ማሳዬም...» አሉ አቶ ዘርትሁን እያለከለኩ፣ «ድንጋይ አለው። ብዙ።»

መርማሪው አንድ ነገር ጻፈ። ምን ይሆን?

ጳጉሜን 2

ውሳኔው መጣ። ላይኛው ለም፣ ጨፌው ጠፍ። ማሳው አይሸጥም! ሠርጉም ጥር ላይ ነው። ፋናዬ ከጓዳ ወጥታለች፤ አሁን ውሻውን የምታስጮኸው እሷ ናት።

ዛሬ አንድ የማናውቀው ሰው በር ላይ ቆመ። አባባ ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱ «ጌታው፣ በመጀመሪያ የመጡበትን ይንገሩኝ» አሉት። እማዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰውየው አህያ ጠፍቶበት ነው። ያኔ አስገቡት፣ አቀረቡለት። ስለ ማሳው ትንፍሽ አላሉም። ተለወጡ ብዬ ልጽፍ ነበር...

ስለ ጨፌው ጀመሩ። በአርሲ ምድር እንደኔ ጨፌ ያለው የለም። ጫማዬን ውጦ እስካሁን አልተፋም። የቱሳ በሬ፣ ያን የሚያህል በሬ፣ ገብቶ ቀርቷል፣ እንኳን ሌላ...

ሰውየው ጉርሻውን ሳይውጥ ወደ ጨፌው ሮጠ።