ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ

ጥር 6
ሽንኩርቱን አጠጣን። የመስኖው ሞተር ሁለቴ ታንቆ ቆመ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ከሰዓት የግብርና ባለሙያዋ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «እህቴ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ የሚወስድ ሁሉ ስሙ የገበሬ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማን ምን እንደሚያገኝ ሕዝቡ ይወቅ ተብሏል።» እየሳቀች ነው የምትነግረኝ።

ድጎማውን በስሜ እንደምወስድ ባሌ አያውቅማ! ነዳጁን ወንድሜ የሚገዛልን ነው የሚመስለው። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት። ምን ላድርግ? «የመንግሥት እጅ ከማይበት ማሳዬ ይድረቅ» የሚል ሰው... ሰፈሩ «አይነኬው» ይለዋል። እሱም ደስ ይለዋል።

ጥር 8
ወንድሜ ጋ ሄድኩ።

«ልንገረው ወይስ...?»

«ኧረ ተይ! በየምርቱ አንድ ጆንያ ሽንኩርት የሚልክልኝ አማች ከየት ላመጣ ነው?»

ሆዳም! ሳልወድ ሳቅሁ። ባሌ እኮ የሚልክለት ለምስጋና ነው። ምስኪን።

ጥር 9
ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ስለ ቦዩ አውርቼ ዘጋሁት።

ጥር 11
ባለሙያዋን ለመንኳት። ስሜን ብቻ አትለጥፉት... «ስምሽ ከዝርዝሩ ከወጣ ድጎማውም ይቀራል» አለች። ያለ ነዳጅ ደግሞ ሽንኩርቱ ሳምንት አይቆይም። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው።

እናደዳለሁ። ሰርቄ ነው እንዴ? ማሳው የእኔም አይደል? ምን ያስበረግገኛል?

ጥር 14
ተለጠፈ። ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞኝ ነገረው። ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ መጣ።

«ወንድሜ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«አገር ሁሉ ሲያውቅ እኔ...»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 15
ሞተሩን ብቻውን አስነሳ። ምሳውን ባርኔጣ አድርጎ በላ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ጥር 17
ነገ የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ስም እየተጠራ ተቃውሞ ያለው እጁን ያወጣል። ድጎማው አይገባውም የተባለ ይሰረዛል።

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ምን ልትል?»

«ስናገር ትሰሚያለሽ።»

ጉድ ፈላ! ለኩራቱ ሲል ያሰርዘኝ ይሆን? ያደርገዋል። አያደርገውም... ድስቱን አሳረርኩት።

ጥር 18
ስሜ ተጠራ። «ተቃውሞ ያለው?» አዳራሹ በሙሉ ወደ ባሌ ዞረ።

እጁን አወጣ።

አለቀልኝ አልኩ። ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሳችን ግማሽ ሄክታር ነው ተብሎ ተጽፏል። ቦዩና የሞተሩ ቤት ምን ያበቅላሉ? ከግማሽ ያንሳል። ተለክቶ ይስተካከል። ሌላ ተቃውሞ የለኝም።» ተቀመጠ።

ነዳጁ የሚሰጠው በማሳ ስፋት ነው፤ በገዛ አፉ አስቀነሰው! አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም። ደግሞ ኮራሁበት። ሁለቱም በአንዴ።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ጠየቀኝ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈርቼህ።»

«እኔን?»

«አንተን።»

ቆመ። እንዲህ ደንግጦ አይቼው አላውቅም። አይነኬነቱ ለሰው እንጂ ለእኔም መሆኑን አያውቅም ነበር።

«ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?»

የለም ልል ነበር። እንደለመድኩት።

«አለ» አልኩት።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «በይ ንገሪኝ» አለኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ወንድሜ ሁሉን እያወቀ የሽንኩርቱን ጆንያ እንደሚቀበል ነገርኩት።